በግንባርሽ ዝፈኚ

ዩኒቨርሲቲ የእውነት ቤት ነው ይባላል። የፊዚክስ መምህሩ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ እዚያው ይቀራል ቢል፣ የታሪክ መምህሩ ዓድዋን ከማይጨው ጋር ቢያደባልቅ፣ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ ነገሩ ከበረታም ዲኑ ያስጠራዋል። በዚያው ግቢ ውስጥ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከአካል ጥናት ጋር የሚጋጭ ነገር ሲናገር ውሎ ደመወዙን በሰላም የሚቀበል መምህር አለ፤ የድምፅና የኦፔራ መምህር። ተማሪዋን "ትንፋሽሽን ወደ ሆድሽ አውርጂው" ይላታል፤ አየር ከሳንባ አልፎ ወደ ሆድ የሚወርድበት በር የለም። "በግንባርሽ ዝፈኚ" ይላታል፤ ግንባር አይዘፍንም። "ጽጌረዳ እንደምታሸት ሰው ሳቢ"፣ "ልታዛጊ ጀምረሽ ተዪው"፣ "ድምፁን አትግፊው፣ ጠጪው" ይላታል። በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው የትኛው ሐኪም ቢጠራ እንደሚሻል ማሰቡ አይቀርም። ልጅቱ ግን የተባለችውን ታደርጋለች፤ ድምፅዋም ይስተካከላል። የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ እነዚህ ከአካል እውነት ጋር የተጣሉ ንግግሮች የሙያው ነውር አይደሉም፤ ሙያው ያለው ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ እነርሱ ናቸው። ሊያርማቸው የተነሳ ዩኒቨርሲቲ ካለ እጁን ይሰብስብ።

ምክንያቱን ለመረዳት ከሚዘፍነው አካል መጀመር ነው። የፒያኖ መምህር የተማሪውን ጣት ያያል፤ ከጠመመ ያቃናል። የማሲንቆ መምህር ደጋን የያዘውን እጅ ይዞ እንዲህ ነው ማለት ይችላል። የድምፅ መምህር የሚያሠለጥነው ግን ማንቁርት ውስጥ የተደበቁ፣ ርዝመታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት የሥጋ እጥፋቶችን፣ የድምፅ አውታሮችን፣ ነው። ኦርኬስትራ በሚቃኝበት "ላ" ላይ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ ሶፕራኖዋ ከፍተኛው "ዶ" ላይ ስትወጣ ከ1000 ያልፋሉ። ለሰው ልጅ "በሴኮንድ 1000 ጊዜ ግጠሚ" የሚል ትእዛዝ አይሰጥም። እጥፋቶቹን የሚወጥሩት ጡንቻዎችም እንደ ክንድ ጡንቻ ሲጠሯቸው አቤት የሚሉ አይደሉም። ድያፍራም የሚሉት የትንፋሽ ጡንቻ ቢሆን ሥራውን የሚሠራው ባለቤቱ ሳያየው ነው፤ ለባለቤቱ የሚታወቀው ጎኑና ሆዱ ሲነፋ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ዘፋኟ የራሷን ድምፅ ሌላው እንደሚሰማው አድርጋ አትሰማም፤ ከፊሉ በአየር፣ ከፊሉ በራስ ቅሏ አጥንት በኩል ይደርሳታል። የተቀረጸ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁሉ "ይሄ እኔ ነኝ?" ብሎ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው። እንዲህ የማይታይ፣ የማይታዘዝ፣ ለባለቤቱም በቅጡ የማይሰማ መሣሪያ በዚያ ላይ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጉንፋን ይይዘዋል። ቫዮሊን ባለቤቷ ከፍቅረኛዋ ጋር በመጣላቷ ሲሰልል ታይቶ አይታወቅም፤ የሶፕራኖ ድምፅ ግን በአንድ የስልክ ጥሪ አንድ ሳምንት ሊዘጋ ይችላል።

"የማይታይ ነገር ስለሆነ ነው እንጂ ቢታይማ ኖሮ እንዲህ ያለ ተረት አያስፈልግም ነበር" የሚል ይኖራል። ደግነቱ ይህ ነገር ተሞክሯል፤ የሞከረውም ከድምፅ መምህራን ሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው ማኑኤል ጋርሲያ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ጋርሲያ በ1805 ከዘፋኞች ቤት ተወለደ። አባቱ የሮሲኒ "የሴቪሊያው ፀጉር ቆራጭ" በ1816 ሮም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አልማቪቫን የተጫወተ ቴኖር ነው፤ እህቶቹ ማሪያ ማሊብራንና ፖሊን ቪያርዶ አውሮፓን በድምፃቸው ያነጋገሩ ናቸው። እርሱ ግን ገና በሃያ ዓመቱ፣ አባቱ ቤተሰቡን ሰብስቦ ኒውዮርክ ሲወርድ፣ ከአቅሙ በላይ እየዘፈነ ድምፁን ጎዳና መድረኩን ተወ። ያልሆነለትን ነገር ለሌላው ለማስተማር ቆርጦ ተነሳ ማለት ነው። (ይህ ልማድ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አልጠፋም።) በሆስፒታል የማንቁርትን አሠራር አጠና፣ በፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ አስተማረ፣ ከ1848 በኋላም ለንደን ገብቶ በሮያል አካዳሚ ወንበር ያዘ። በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየመለሰበት፣ የገዛ ራሱን የድምፅ አውታር ሲሠራ አየ። ያየውን በማግሥቱ ዓመት ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የጉሮሮ ሐኪሞች እንደ አባት ይቆጥሩታል።

ታዲያ መስታወቱ ሐኪሞችን ሲጠቅም የድምፅ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ምን ለወጠ? እምብዛም። መስታወት ጉሮሮ ውስጥ አስገብቶ መዝፈን እንደማይቻል ማንም ይገምታል፤ ችግሩ ግን ከዚያ ያልፋል። የሚታየው ነገር ካለፈ በኋላ የሚታይ ነው፤ "አሁን ምን ላድርግ?" ለምትለው ልጅ መልስ የለውም። ጋርሲያ ራሱ ከመስታወቱ በፊት በጆሮው ብቻ እየተመራ ከሠራቸው ሥራዎች ዝነኛው የዘፋኟ የጄኒ ሊንድ ነው። በ1841 ከስዊድን ፓሪስ ስትመጣ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ድምፅዋ ከብዙ መድረክ የተነሳ ደክሞ ነበር። የሰጣት የመጀመሪያ ትምህርት ስድስት ሳምንት ዝም እንድትል ነው፤ ንግግሯን እንኳ እንድትቆጥብ። ዛሬ ይህን በሲላበስ ላይ ጽፎ ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ የሚያቀርብ መምህር ቢኖር "ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ሳምንት፦ ዝምታ፤ ክሬዲት 2" የሚለውን ማን ፈርሞ እንደሚያሳልፍለት አላውቅም። ሊንድ ግን ከዝምታው በኋላ ዘፈነች፤ አውሮፓና አሜሪካም ትኬት ለመግዛት ተጋፋባት።

የክርክሬ ዋና ምስክር ግን ከዚሁ ሰው ድል ይልቅ በመከራው ላይ ነው የሚገኘው። ጋርሲያ አንድ ጊዜ በምሳሌ መናገሩን ትቶ በአካል ቋንቋ ለመናገር ሞከረ። ድምፅ ንጹሕ ሆኖ እንዲነሳ የድምፅ አውታሮቹ አስቀድመው መግጠም አለባቸው፤ ይህን "የማንቁርት ምት" ብሎ ሰየመው። ትክክል ነው፤ አካሉን የሚያውቅ ሁሉ ይፈርምለታል። በየከተማው ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ግን ምት የተባለውን ምት አደረጉት፤ በየቃናው መነሻ ጉሮሯቸውን እየደበደቡ ድምፃቸውን አሻከሩ። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ፤ የጋርሲያ ስም ከጉሮሮ ጉዳት ጋር እስከ መነሳት ደረሰ። ሽማግሌው ዘጠናኛ ዓመቱ ሲቃረብ፣ በ1894 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ላይ፣ ነገሩን ለማለሳለስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቀለል ያለች ሳል ትመስላለች አለ! ከትክክለኛው አገላለጽ ወደ ምሳሌው ተመለሰ ማለት ነው። "ጽጌረዳ አሽቺ" ተብላ ድምፅዋ የጠፋ ልጅ አልሰማሁም፤ በትክክለኛው የማንቁርት ምት ግን ስንቱ ተጎድቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ያ የመስታወት ዘመን ነው፤ ዛሬ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ገብቶ ዘፋኟ እየዘፈነች ያሳያል፤ ኮምፒዩተር የድምፅን ቀለም በሰከንድ ክፋይ ይተነትናል፤ ስለዚህ ምሳሌ ይብቃን ይላል። ሳይንሱ ያገኘው ነገር በእውነት ድንቅ ነው። የስቶክሆልሙ ዮሃን ሱንድበርግ በ1970ዎቹ እንዳሳየው የኦርኬስትራ ድምፅ ጉልበቱ የሚያርፈው በሴኮንድ 500 ንዝረት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ የኦፔራ ወንድ ድምፅ ደግሞ 3000 አካባቢ ላይ ልዩ ጉልበት ያበጃል። ኦርኬስትራው በሳሳበት ቦታ አንድ ሰው ብቻውን ስለሚደምቅ፣ ያለ ማይክራፎን ሰማንያ ሙዚቀኛ ላይ ተሻግሮ ይሰማል። ይህ የሚሆነው ከማንቁርት በላይ ያለው ትንሽ ቱቦ ከጉሮሮው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ሲጠብ ነው። መልካም። እንግዲህ ተማሪውን "ከማንቁርትህ በላይ ያለውን ቱቦ ከጉሮሮህ ስፋት አንጻር አጥበው" በሉት። ልጁ አንገቱን ያነቃል። "ልታዛጋ ጀምረህ ተው፤ ድምፁን ግን ከዓይኖችህ መካከል አድርገው" ሲባል ግን ማንቁርቱ ዝቅ ይላል፣ ትናጋው ይነሳል፣ መንጋጋው ይፈታል፣ የተባለው 3000ም ይመጣል። የትኛው ነው ሳይንሱን የሚያውቀው?

ግንባሩ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና ተደርጎበታል። በ1950ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ የዘፋኞችን የአፍንጫ ውስጥ ክፍተት በጨርቅ ደፍኖ አዘፈናቸው፤ ሰሚዎች የተደፈነውን ካልተደፈነው ሊለዩ አልቻሉም። ስለዚህ ፊት የድምፅ ምንጭም ማጉያም አይደለም፤ ተፈርዶበታል። ፍርዱ ግን ያላየው ነገር አለ። ድምፅ በትክክል ሲወጣ ንዝረቱ በአጥንት በኩል ወደ ጉንጭና ግንባር ይደርሳል፤ ዘፋኟ ድምፅዋን በጆሮዋ ልታምነው ባትችልም ይህን ንዝረት ግን ታውቀዋለች። "በግንባርሽ ዝፈኚ" ማለት "ያ ስሜት ግንባርሽ ላይ እስኪመጣ ድረስ አትርፊ" ማለት ነው። ስለ መነሻው የሐሰት ወሬ ነው፤ ስለ መድረሻው ግን የታመነ መልእክት ነው። ከሙዚቃ ውጭ ያሉ ሊቃውንትም ሳያስቡት ወደዚሁ ደርሰዋል። ጋብሪኤለ ቩልፍ የምትባል የእንቅስቃሴ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረገቻቸው ሙከራዎች እንዳሳየችው ሰዎች ስለ ገዛ እግርና እጃቸው ከሚያስቡ ይልቅ እንቅስቃሴያቸው ስለሚያስከትለው ውጤት ቢያስቡ በተሻለ ይማራሉ። ሯጭም ቢሆን ስለ ጉልበቱ መገጣጠሚያ እያሰበ ቢሮጥ ይደናቀፋል። የድምፅ መምህራን ይህን ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል፤ የጥናት በጀት አልጠየቁበትም እንጂ።

"እንግዲያውስ ማንም አፈ ቀላጤ ተነስቶ 'በተረከዝህ ዝፈን' እያለ ገንዘብ ይሰብስብ?" ይባላል። ይሄ ተቃውሞ እውነት አለው፤ እንደ ድምፅ ትምህርት ለአጭበርባሪ የሚመች ሙያ ጥቂት ነው። በአሮጌ የጣሊያን ስቱዲዮዎች ስም የሚነግድ፣ ምስጢሩን እኔ ብቻ ነኝ የያዝኩት የሚል ሰው በየከተማው አይጠፋም። ስለ ናፖሊው የድምፅ መምህር ስለ ፖርፖራ የሚወራ አንድ ጥንታዊ ወሬ አለ፦ ካፋሬሊ የተባለውን ተማሪውን በአንዲት ገጽ መልመጃ ላይ ለዓመታት አቆይቶ በመጨረሻ "ሂድ፣ የአውሮፓ አንደኛ ዘፋኝ ነህ" ብሎ አሰናበተው ይባላል። ካፋሬሊ በእርግጥ ታላቅ ስለነበር ወሬው አማረ፤ በዚያችው ገጽ ላይ ዓመታት ቆይተው ምንም ያልሆኑትን ግን የሚያወራላቸው የለም። የዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ምሳሌውን በእውነት አይተካውም፤ ምሳሌ ተናጋሪዎቹን ግን በአንድ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የአንዱ ተማሪ በሌሎቹ መምህራን ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ እነርሱም ይፈርዳሉ። ባልደረባውን የሚወድ የድምፅ መምህር ብዙ ስለማይገኝ ፍርዱ እንደማይላላ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። "በተረከዝህ" የሚለው ሰው ተማሪዎቹ በተረከዝ ከዘፈኑለት ይቀጥላል፤ ካልዘፈኑለት ተማሪዎቹ ወደ ጎረቤቱ በር ይሻገራሉ። ይህ ከብዙ የሳይንስ ፋኩልቲዎች የጠነከረ ፈተና ነው፤ የኢኮኖሚክስ ትንበያ እንኳ በየሴሚስተሩ በሌሎች ፊት ቆሞ አይዘፍንም። ጆሮ ግን በወረቀት ላይ በተጻፈው ሁሉ አይታለልም ማለቴ አይደለም። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ከሚሰጡት የቆዩ የጣሊያን ዘፈኖች መካከል በ18ኛው ክፍለ ዘመን አቀናባሪ በፔርጎሌሲ ስም ሲታወቅ የኖረ አንድ አለ፤ ዛሬ አጥኚዎች እንደሚያምኑት ግን የደረሰው ስብስቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሳተመው ፓሪዞቲ ራሱ ነው። አቀናባሪው ስትራቪንስኪ ሳይቀር የፔርጎሌሲ መስሎት "ፑልቺኔላ" በተባለው ሥራው ውስጥ አስገብቶታል። ልጆቹ በሐሰተኛው ዘፈን ላይ እውነተኛ አዘፋፈን ተማሩበት፤ ማንም ክፍያው ይመለስልኝ አላለም።

ከእኛ ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ የተለየ ነው። የዜማ ቤት ሰው "እኛ ዘንድ እኮ ይህ ሁሉ ወሬ የለም፤ መሪጌታው ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ድጓውን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ ድረስ ሄዶ ያስመሰክራል፤ አበቃ" ቢል መልስ ይገባዋል። ልክ ነው። አንድን ዜማ ሳይዛነፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ ማድረስ ሲፈለግ ከመቀበል የተሻለ መንገድ የለም፤ የዚያ ትምህርት ክብሩ ተማሪው ከራሱ ምንም አለመጨመሩ ነው። የኦፔራ ተማሪ ግን መምህሯን ብትመስል ወድቃለች። ወፍራም ድምፅ ያለው ባስ ቀጭን ሶፕራኖ ሊያስተምር ይችላል፤ እንደ እርሱ ድምፅ ለማውጣት የሞከረች ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ዝም ትላለች። የሚተላለፈው የመምህሩ ድምፅ ሳይሆን የተማሪዋ የገዛ ድምፅ ስለሆነ፣ አድራሻውን በምሳሌ ከመጠቆም ሌላ ዘዴ የለም። ደግሞስ ዜማ ቤቱ ከምሳሌ ፈጽሞ ነጻ ነው? ከዜማ ምልክቶቹ አንዱ ደረት ነው፤ ዜማው ወደ ታች ወፍሮ እንዲወርድ ያዛል፤ ደረት ግን ድምፅ እንደማያመነጭ ማንም መሪጌታ ያውቃል።

"ይህ ሁሉ ለምን? ኦፔራ ማን ይሰማል?" ለሚለው ብዙ ጊዜ አላጠፋም። የበቆሎ አገር በሆነችው ኢንዲያና ግዛት፣ ብሉሚንግተን በምትባል አነስተኛ ከተማ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ1972 ለተማሪዎቹ ሙሉ የኦፔራ ቤት ሠርቷል፤ ከ1949 ጀምሮም ለብዙ ዓመታት የዋግነርን "ፓርሲፋል"፣ ያን ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን፣ በሆሳዕና ሰሞን ሲያቀርብ ነበር። በ1946 በኒውዮርክ ሲቲ ኦፔራ "ማዳም በተርፍላይ"ን የዘፈነችው ጥቁር አሜሪካዊት ካሚላ ዊልያምስም ከ1977 ጀምሮ እዚያ አስተምራለች። ዋናው ነገር ኦፔራ ራሱ በሐሰት እውነት የሚናገር ጥበብ መሆኑ ነው። "ላ ትራቪያታ" ላይ በሳንባ ነቀርሳ የምትሞተው ሴት ሳንባዋ የማይደክም መሆን አለበት። "አይዳ" ደግሞ እኛኑ ይመለከታል፤ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት በግብፆች ተማርካ ንጉሥ አባቷም ተሸንፎ ይታያል። ሥራው በኬዲቭ እስማኤል ትእዛዝ ካይሮ ላይ በታኅሣሥ 1871 ታየ፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ኬዲቭ ጦሩን ልኮ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተመታ። እስማኤል ኦፔራውን እንደ ሪፖርት ወስዶት ከሆነ ጥፋቱ የቨርዲ አይደለም። የኢንዲያና ገበሬ ልጅ የአይዳን ናፍቆት ስትዘፍን ግን ጉንደትን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊም ሆዱ ይባባል።

እንግዲህ ለዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ለተማሪዎች የምትበትኑት የመምህራን መገምገሚያ ቅጽ ላይ "መምህሩ ሐሳቡን በግልጽና በትክክል ያስረዳል" የሚል ረድፍ አለ። ይህን ረድፍ ከድምፅ መምህራን ቅጽ ላይ ሰርዙት። በምትኩ አንድ ሰው ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጡ፤ ኦርኬስትራው ይጫወት፣ ማይክራፎን አይኑር፣ ልጅቱ ትዝፈን። ሰውየው ከሰማት መምህሩን ደመወዝ ጨምሩለት፤ ምን ብሎ እንዳስተማራት ግን አትጠይቁት።